ፖስተሩ ያለውና ጆሮ የሰማው

እንደምን ዋላችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራችሁ በአንድ ድርጅት ውስጥ እሴት ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚተላለፍ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ታሪኮቹ የተመዘገቡት በዚያ ነውና። የምጀምረው ተጽፎ ባልተላከ አንድ ደብዳቤ ነው።

ጃንዋሪ 2003። ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ሰባት ሰዎች ይዛ ምድርን ትዞራለች። ከመሬት ስትነሣ ከነዳጅ ታንኩ ላይ የተገነጠለ የአረፋ ቁራጭ የግራ ክንፏን መትቷታል። ምድር ላይ ያሉ መሐንዲሶች ፊልሙን ደጋግመው አይተው ተጨነቁ። ክንፉ ምን ያህል እንደተጎዳ ለማወቅ ከጠፈር ላይ ፎቶ ይነሣልን ብለው ጠየቁ፤ ጥያቄያቸው ከላይ ተቀባይ አጣ። ከመካከላቸው አንዱ ተቀምጦ ኢሜይል ጻፈ። ውሳኔው ስሕተት እንደሆነ፣ ከባድ አደጋም ሊያስከትል እንደሚችል ገለጸ። ከዚያም አንባቢዎቹን አንድ ነገር አስታወሳቸው፦ በየቦታው የተለጠፉትን የናሳ የደኅንነት ፖስተሮች ታስታውሳላችሁ? «አስተማማኝ ካልሆነ ተናገር» ይላሉ። አዎ፣ ነገሩ የዚያን ያህል ከባድ ነው አለ። ጽፎ ጨረሰ። በወረቀት አተመው። ለአንድ ባልደረባው አሳየው። ወደ አለቆቹ ግን አልላከውም። ፌብሩዋሪ 1 ቀን ኮሎምቢያ ወደ ምድር ስትመለስ አየር ላይ ተበታተነች፤ ሰባቱም አለቁ።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ ፖስተሩ ነው። ሰውየው ፖስተሩን ያውቀዋል። ቃል በቃል ይዞታል፤ ይባስ ብሎ ለክርክሩ ምስክር አድርጎ ጠርቶታል። ብዙ ድርጅቶች እሴታቸው መድረሱን የሚለኩት ሠራተኛው ያውቀዋል ወይ እያሉ በመጠየቅ ነው። በዚህ መለኪያ ከሄድን ያ መሥሪያ ቤት ሙሉ ነጥብ ያገኛል። መልእክቱ ደርሷል፤ እምነት ግን አላገኘም። መሐንዲሱ በኋላ ለምን አልላክኸውም ተብሎ ሲጠየቅ የመለሰው፣ እኔ በድርጅቱ ውስጥ ታች ነኝ፣ ኃላፊዋ ደግሞ እዚያ ላይ ናት፣ አልቻልኩም የሚል ነበር። «እኔ ታች ነኝ» የሚለውን ትምህርት ማን አስተማረው? የትኛውም ግድግዳ ላይ አልተለጠፈም። ሆኖም ከተለጠፈው ሁሉ በላይ ጎልቶ ተሰምቶታል።

አደጋውን የመረመረው ቦርድ በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት፣ የድርጅቱ ባህል ለአደጋው የነበረው ድርሻ ከአረፋው ድርሻ እንደማያንስ አስፍሯል። አረፋ ይመዘናል፣ ፍጥነቱም ይሰላል። ያ ሰው ጣቱ መላኪያው ላይ ሳለ ወደ ኋላ የጎተተውን ነገር የሚመዝን መሣሪያ ግን የለም። እኔ የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ክፍል ያሳለፍኩት ይህን ነገር ለመረዳት ስሞክር ነው።

ከራሴ ልጀምር። የመጀመሪያ ሥራዬን ስይዝ ለአዲስ ሠራተኞች የሁለት ቀን ሥልጠና ተሰጠን። አምስት እሴቶች ነበሩ፤ አንደኛው ታማኝነት ነው። አሠልጣኙ ጥሩ ተናጋሪ ነበርና በእውነት ተነክቼ ነው የወጣሁት። በሦስተኛው ሳምንት የወሩን ሪፖርት እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። ቁጥሮቹን ከመዝገብ ላይ ለቅሜ፣ ደምሬ፣ ለአንድ አንጋፋ ባልደረባዬ አሳየሁት። ወረቀቱን ቁልቁል አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መጀመሪያ አለቃችን ስንት እንዲሆን እንደሚፈልጉ ጠይቃቸው» አለኝ። ጠየቅኋቸው። ነገሩኝ። ጻፍኩት።

ያ ሰው ክፉ አልነበረም። ምሳውን የሚያካፍል፣ የታመመ የሚጠይቅ፣ የሥራውን ዘዴ ሳይሰስት የሚያሳይ ሰው ነበር። ያን ዕለትም ሊጎዳኝ አላሰበም፤ እንዳልጎዳ ሊጠብቀኝ ነው የፈለገው። ይህን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። የድርጅት እውነተኛ እሴት ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሸጋገረው አብዛኛውን ጊዜ በደግ ሰዎች አፍ ነው። ነባሩ ለአዲሱ አዝኖ፣ ወደ ጥግ ወስዶ «እዚህ ቤት እንዲህ ነው» ይለዋል። የሁለት ቀኑን ሥልጠና ያቺ የአንድ ደቂቃ ሹክሹክታ አሸነፈችው። ያሸነፈችበት ምክንያትም ግልጽ ነው፦ አሠልጣኙ የተናገረው ቃል ቢሳሳት እሱ የሚያጣው ነገር አልነበረም፤ ባልደረባዬ ግን የነገረኝ ራሱ ዋጋ ከፍሎ የተማረውን ነው።

እሴት የሚለው ቃላችን ሁለት ቤት አለው። ሒሳብ ክፍል ሲነገር የአንድ ነገር ዋጋ ነው፤ ስለ ምግባር ሲነገር የምንመራበት እምነት ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል መገናኘታቸውን ወድጄዋለሁ። ሠራተኛ ድርጅቱ አንድን ነገር እንደሚያከብር የሚያውቀው ለዚያ ነገር ሲል የከፈለውን ሲያይ ነው። የተከፈለው ገንዘብ ሊሆን ይችላል፤ የጠፋ ደንበኛ፣ የዘገየ ሥራ፣ የተሰናበተ ጎበዝ ኃላፊም ሊሆን ይችላል። ምንም ያልተከፈለበት እሴት ምኞት ነው፤ ምኞት መጥፎ አይደለም፣ ግን ማንም እሱን ተማምኖ ደብዳቤ አይልክም።

ይህን ጉዳይ ያጠኑ ምሁራን ብዙ ናቸው፤ ሦስቱን ብቻ ልጥቀስ። ክሪስ አርጂሪስና ዶናልድ ሾን በ1970ዎቹ፣ ሰዎች እመራበታለሁ ብለው የሚናገሩት መርሕና በተግባር የሚመሩበት መርሕ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ጻፉ፤ የሚከፋው ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ልዩነቱን አለማየቱ ነው። ኤድጋር ሻይን በበኩሉ መሪዎች ባህልን የሚተክሉባቸውን መንገዶች ሲዘረዝር ንግግርን ከፊት አላስቀመጠም። ከፊት ያስቀመጠው መሪው ዘወትር የሚከታተለውንና የሚለካውን፣ ችግር ሲፈጠር የሚያሳየውን ሁኔታ፣ ገንዘብን፣ ሹመትንና ሽልማትን ለማን እንደሚሰጥ ነው። የተጻፈ መግለጫም በዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ያለው ግን ዋናዎቹን ከሚያግዙት መካከል ነው።

የሻይንን ሐሳብ በሥጋና በደም ያየሁበትን ታሪክ ልንገራችሁ። በ1987 ፖል ኦኔል የተባሉ ሰው አልኮዋ የተባለውን ግዙፍ የአሉሚኒየም አምራች እንዲመሩ ተሾሙ። ባለሀብቶች በተሰበሰቡበት የመጀመሪያ ንግግራቸው ሁሉም የጠበቀው ስለ ትርፍና ስለ ወጪ እንዲያወሩ ነበር። እሳቸው ስለ ሠራተኞች ደኅንነት ተናገሩ፤ ዓላማዬ አንድም ሰው የማይጎዳበት ኩባንያ መፍጠር ነው አሉ። ንግግር ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አላነሣውም ነበር። ቀጥሎ የመጣው ደንብ ነው ቁም ነገሩ፦ በየትኛውም ፋብሪካ ሰው ከተጎዳ የዘርፉ ኃላፊ በ24 ሰዓት ውስጥ ለእሳቸው ማሳወቅ፣ ዳግም እንዳይደርስ የሚያደርገውንም ዕቅድ ማቅረብ አለበት።

ይህን ደንብ ቆም ብላችሁ አስቡት። የዘርፉ ኃላፊ በ24 ሰዓት ውስጥ ለበላዩ ለማሳወቅ እሱ ራሱ ከምክትሉ ወዲያው መስማት አለበት። ምክትሉ ከፋብሪካው ኃላፊ፣ የፋብሪካው ኃላፊ ከፎርማኑ፣ ፎርማኑ ደግሞ ማሽኑ ላይ ከቆመው ሰው። ዕቅዱን ለማቅረብም ያ ማሽን ላይ የቆመው ሰው ሐሳብ ያስፈልጋል። እናም «ታች ያላችሁ ተናገሩ» የሚል ፖስተር ሳይለጠፍ፣ ከታች ወደ ላይ ድምፅ የሚያልፍበት ቦይ ተቆፈረ። ሥራ የሚያስቀር ጉዳት ከ100 ሠራተኞች 1.86 የነበረው፣ ኦኔል በ2000 ሲሰናበቱ 0.2 ገደማ ደርሶ ነበር።

ዋጋውም ተከፍሏል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በባለአክሲዮኖች ስብሰባ ላይ አንዲት መነኩሲት ተነሥተው በሜክሲኮ በሚገኝ የኩባንያው ፋብሪካ ስላለው የሥራ ሁኔታ ጠየቁ። ጉዳዩ ሲመረመር ሠራተኞች በጋዝ ታፍነው እንደታመሙ፣ የዘርፉ ኃላፊም ይህን ወደ ላይ ሳያሳውቁ እንደቀሩ ተገኘ። ኃላፊው ክፍላቸውን በእጅጉ ያሳደጉ፣ በኩባንያው የታወቁ ሰው ነበሩ። በ1996 ተሰናበቱ። ፋብሪካው ውስጥ ችግሩን ማስተካከል ጀምረው እንደነበር አንዳንዶች ተከራክረዋል። ቅጣቱ የመጣባቸው ግን በጋዙ ሳይሆን በመደበቁ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ኩባንያ ውስጥ ያለ ማንም ኃላፊ «ደኅንነት እንዲህ ነው ወይስ እንዲያ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈለገው አይመስለኝም።

የተቃራኒውን ምሳሌ ደግሞ ባንክ ውስጥ እናገኘዋለን። ዌልስ ፋርጎ ስለ ራእዩና ስለ እሴቶቹ ለሠራተኞቹ የሚያድለው መጽሔት ነበረው፤ ደንበኛን ስለ ማክበር የተጻፈው መልካም ነበር። በዚያው ጊዜ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ስምንት የባንክ አገልግሎት መሸጥ የሚል ግብ ተቀመጠ። ለምን ስምንት? በእንግሊዝኛ ስምንት የሚለው ቃል «ታላቅ» ከሚለው ጋር ቤት ስለሚመታ ነው። የቅርንጫፍ ሠራተኛው ስንት እንደሸጠ በየቀኑ ይጠየቃል። በ2016 ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ሲቀጣ፣ ሠራተኞች ደንበኞች ሳያውቁ በስማቸው ሒሳብ ሲከፍቱ እንደኖሩ ዓለም ሰማ። መጀመሪያ 2 ሚሊዮን ገደማ የተባለው ቁጥር ኋላ 3.5 ሚሊዮን ሊደርስ እንደሚችል ተገለጸ። ወደ 5,300 የሚሆኑ ሠራተኞች ከሥራ ተባረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስምርበት እፈልጋለሁ። እነዚያ ሠራተኞች ሁለት መልእክት ነው የደረሳቸው፦ አንዱ በዓመት አንድ ጊዜ በመጽሔት፣ ሌላው በየማለዳው ከቅርብ አለቃቸው። መጽሔቱ ምን እንደሚሆን ሲነግራቸው፣ አለቃቸው ምን እንዳደረጉ ይጠይቃቸዋል። ሰው ደግሞ የሚያድረው ለተጠየቀው ነገር ነው። የሥነ ምግባር መጠቆሚያ የስልክ መስመርም ነበር፤ ጥቆማ ሰጥተን ከሥራ ተባረርን ያሉ ሠራተኞች በኋላ ተሰሙ። በ2017 የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ባለሥልጣን ማጭበርበሩን ስላሳወቀ ለተባረረ አንድ የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ ባንኩ 5.4 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አዝዟል። በአንድ ቅርንጫፍ ውስጥ አንድ ሰው ጠቁሞ ሲባረር የሚያዩ ሃያ ሰዎች አሉ። ሃያዎቹ የተማሩትን ምንም ሥልጠና አይፍቀውም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ዳግመኛ የስልክ ቁጥሩን ባዩት ቁጥር የሚታያቸው የባልደረባቸው ባዶ ወንበር ነው።

ኤንሮን የተባለውን የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት በአጭሩ ልለፈው። አክብሮት፣ ሐቀኝነት፣ መግባባትና ልቀት የሚሉ አራት እሴቶች ነበሩት፤ በ2000 ደግሞ 64 ገጽ የሥነ ምግባር መመሪያ አሳተመ። በዲሴምበር 2001 ከሰረ። እዚያ ቤት በየስድስት ወሩ ሠራተኞች እርስ በርስ ተወዳድረው በደረጃ ይሰለፉ ነበር፤ ጫፍ የደረሱት ከፍተኛ ጉርሻ፣ ከታች የቀሩት መሰናበት ይጠብቃቸዋል። «አክብሮት» የሚለውን ቃል የዚያ ሰልፍ ውጤት በወጣ ማግስት ማን ሊያነብበው ይችላል?

አሁን ወደ ዝምታ ልመለስ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ስለሆነ። ቋንቋችን ስለ ዝምታ ብዙ ምክር አለው። «በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ» እንላለን። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እንላለን። እነዚህ ቃላት ከመሬት አልበቀሉም፤ ተናግረው የተጎዱ ሰዎች ለልጆቻቸው ያቆዩት ማስጠንቀቂያ ነው። ሌላውም ሕዝብ በየቋንቋው ተመሳሳይ ምክር አለው። ስለዚህ አንድ ድርጅት «እዚህ ሐሳባችሁን በነፃነት ተናገሩ» ሲል የሚናገረው ባዶ ወረቀት ላይ አይደለም፤ ሰው ከልጅነቱ የተማረው ትምህርት ላይ ነው የሚጽፈው። ያንን ለመሻር አንድ ዓረፍተ ነገር አይበቃም።

የድርጅት ባህል ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ በሆስፒታል ክፍሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተትን ስታጠና ያልጠበቀችው ነገር ገጠማት። በጥሩ አመራርና በመልካም ግንኙነት የሚሠሩት ቡድኖች ስሕተታቸው ያነሰ ይሆናል ብላ ስትጠብቅ፣ የተመዘገበው ስሕተት እነሱ ዘንድ በዛ። ጠጋ ብላ ስትመረምር ልዩነቱ ያለው ስሕተትን በመናገር ላይ እንደሆነ አየች። በአንዱ ክፍል ነርሷ ስሕተቷን ተናግራ ከሌሎቹ ጋር መፍትሔ ትፈልጋለች፤ በሌላው ትደብቃለች። ከላይ ሆኖ ሪፖርቱን ብቻ የሚያነብ ኃላፊ የሚደብቀውን ክፍል ሸልሞ የሚናገረውን ይቀጣል። በቅን ልቦና የሚቀጣ ኃላፊ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ቁጥሩ ሲበዛ ይቆጣል፤ በሚቀጥለው ወር ቁጥሩ ይቀንስለታል፤ መሻሻል ያየ ይመስለዋል።

እሴት በአካል ምን እንደሚመስል የሚያሳይ አንድ ቦታ ላስጎብኛችሁ። በካሊፎርኒያ ፍሪሞንት የነበረው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ በ1982 ተዘጋ። ሠራተኞቹ ከሥራ የሚቀሩ፣ ከአለቆቻቸው ጋር የማይስማሙ፣ መኪኖቻቸውም ጥራት የጎደላቸው ናቸው ተብሎ የተወራለት ፋብሪካ ነበር። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና ተከፈተ፤ አብዛኞቹ የተቀጠሩትም እነዚያው የድሮ ሠራተኞች ናቸው። በድሮው ሥርዓት የመገጣጠሚያው መስመር በምንም ምክንያት እንዲቆም አይፈለግም ነበር፤ ጉድለት ያለበት መኪና ያልፋል፣ ኋላ ይታረማል። በአዲሱ ሥርዓት ከእያንዳንዱ ሠራተኛ በላይ ገመድ ተዘረጋ። ችግር ያየ ሰው ይስበዋል። የቡድን መሪው ይመጣል፤ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል።

የቆመ መስመር በየደቂቃው ገንዘብ ያስከፍላል፤ ይህን ከተራ ሠራተኛው ጀምሮ ሁሉም ያውቃል። ያን ወጪ የማዘዝ ሥልጣን ቁልፍ ለሚያጠብቀው ሰው እጅ ተሰጠ። በእኔ እምነት ግን ዋናው ትምህርት ያለው ገመዱ ከተሳበ በኋላ በሚመጣው ሰው ፊት ላይ ነው። መሪው ፊቱን ከስክሶ «አሁን ደግሞ ምን ሆነ?» ብሎ ከመጣ ገመዱ በሳምንቱ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። «ምን አየህ?» ብሎ ከመጣ ገመዱ ይሠራል። የዚያ ፋብሪካ መኪኖች ጥራታቸው ብዙም ሳይቆይ ከጃፓን ከሚመጡት ጋር ሊነጻጸር በቃ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው።

ስለዚህ በድርጅት ውስጥ የእሴት ዋናው ተርጓሚ የቅርብ አለቃ ነው። ሥራ አስፈጻሚው በዓመት ሁለቴ ይናገራል፤ ቃሉን ወደ ዕለት ሥራ የሚመልሰው መካከል ላይ ያለው ሰው ነው። መካከል ላይ መቀመጥ ደግሞ ከባድ ነው፤ ከላይ ጥራትም ፍጥነትም ይፈለግበታል፣ ሁለቱ ሲጋጩ የትኛው እንደሚቀድም ግን አይነገረውም። በጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ማታ የሆነውን አስታውሱ። የቻሌንጀር መንኮራኩር ልትመጥቅ በዋዜማዋ፣ የሮኬቱን ክፍል የሠራው የሞርተን ቲዮኮል መሐንዲሶች በቅዝቃዜው ምክንያት የጎማ ማሸጊያው ላይሠራ ይችላል፣ አትልቀቋት አሉ። ናሳ ገፋ። በኩባንያው ውስጥ በተደረገው ምክክር አንድ ከፍተኛ ኃላፊ ለምሕንድስናው ኃላፊ የምሕንድስና ኮፍያህን አውልቅና የአስተዳደር ኮፍያህን አድርግ አለው። ተስማሙ። በማግስቱ በ73ኛው ሰከንድ ቻሌንጀር ከነሰባት ተሳፋሪዎቿ ጠፋች። በዚያ ክፍል ውስጥ ደኅንነት ዋጋ የለውም ያለ ማንም አልነበረም። የተነገረው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው።

እሴቶችን ሲጽፉ ብዙ ድርጅቶች የሚዘሉት ይህን ቅደም ተከተል ነው። አምስት መልካም ቃላት ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ ጎን ለጎን የተደረደሩ ቃላት ደግሞ አይጣሉም። በሥራ ቀን ግን ይጣላሉ። በ1943 ሮበርት ውድ ጆንሰን ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ለተባለው የሕክምና ምርቶች ኩባንያ የጻፉት መግለጫ ከሌሎቹ የሚለየው ለዚህ ነው፤ ተራ አለው። መጀመሪያ ኃላፊነታችን ለሐኪሞች፣ ለነርሶች፣ ለእናቶች ነው ይላል። ባለአክሲዮኖችን የጻፋቸው መጨረሻ ላይ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ በኩባንያው አመራር ላይ የነበሩት ጄምስ በርክ ከፍተኛ ኃላፊዎችን ሰብስበው፣ ወይ እንኑርበት ወይ ከግድግዳው እናውርደው ብለው አከራከሯቸው። በ1982 በቺካጎ አካባቢ አንድ ሰው ታይለኖል የተባለው የኩባንያው ማስታገሻ ውስጥ ሳያናይድ ጨምሮ ሰባት ሰዎች ሲሞቱ፣ ኩባንያው ወደ 31 ሚሊዮን ጠርሙስ ከመላው አሜሪካ ሰበሰበ። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣበት። ጥፋቱ የኩባንያው እንዳልነበረ አስታውሱ።

ይህን ታሪክ በየሥልጠናው ትሰማላችሁ፤ ብዙ ጊዜም እዚህ ላይ ይቆማል። እኔ እዚህ ላይ ማቆም ተገቢ አይመስለኝም። ይኸው ኩባንያ አሜሪካን ካመሷት ኦፒዮይድ ከተባሉት ሱስ የሚያስይዙ የሕመም ማስታገሻዎች ጋር በተያያዘ ክስ እስከ 5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ በ2022 ስምምነቱ ጸድቋል፤ ጥፋተኛ ነኝ ግን አላለም። መግለጫው በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አልተሻረም። በ1982 የተከፈለው ዋጋ የዚያን ጊዜ ሠራተኞች አስተምሯል፤ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለተቀጠረው ሰው ግን የሥልጠና ታሪክ ነው። እሴት አንዴ ከተከፈለበት ለዘለዓለም አይከፈልበትም ማለት አይቻልም። እያንዳንዱ አዲስ ሰው የራሱን ምስክርነት ይፈልጋል።

ታዲያ መግለጫው፣ ፖስተሩ፣ ሥልጠናው ይቅር? አልልም። ወደዚያ መሐንዲስ ደብዳቤ ስመለስ፣ ለመናገር በተቃረበባት ሰዓት እጁ የያዘው ያንኑ ፖስተር ነው። ታች ያለ ሰው ላይ ያለውን ሰው የሚይዝበት ነገር አጥቶ ሳለ ድርጅቱ ራሱ ያሳተመውን ቃል ያዘ። የተጻፈ እሴት በበታቾች እጅ ያለ ውል ነው፤ «ብላችኋል» ብለው የሚጠይቁበት። በሚገባ የተጻፈ፣ ጥቂትና ቅደም ተከተል ያለው ቃል ለደካማው ጉልበት ይሆነዋል። ግን ቢያንስ አንድ ጊዜ አንድ ሰው ያን ውል ይዞ ሄዶ ሲከበርለት መታየት አለበት። በዚያ መሥሪያ ቤት መሐንዲሱ እንዲህ ያለ ሰው አላየም ወይም ያየው ሌላውን ነው።

በዚህ ምክንያት እሴቶቻችንን እንድንከልስ እርዳን የሚሉኝ ድርጅቶች ዘንድ ስሄድ ቃላቱን አስቀድሜ አላይም። ሰዎችን በየደረጃቸው ቀላቅዬ አስቀምጥና አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ «ይህ ድርጅት ለዚህ እሴት ሲል አንድ ነገር ያጣበትን ቀን ንገሩኝ። ዓይናችሁ ያየውን።» ከዚያ ዝም እላለሁ። ያ ዝምታ ለመሪዎች ከባድ ነው፤ አንዳንዶቹ ቶሎ ሊሞሉት ይሞክራሉ፣ እንዲጠብቁ እለምናቸዋለሁ።

ባለፈው ጊዜ በአንድ ቦታ ዝምታው በጣም ረዘመ። እሴታቸው ግልጽነት ነበር። ኃላፊዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ ስለ አዲሱ የመረጃ ሥርዓት ማውራት ጀመረና ራሱ ተወው። በመጨረሻ ከሒሳብ ክፍል አንዲት ሴት እጇን አወጣች። ከብዙ ዓመት በፊት ለአንድ አቅራቢ አንዱን ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ከፍላ እንደነበር ተናገረች። ገንዘቡ ትልቅ ነበር። ማንም አላወቀም። አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥታ አድራ በማግስቱ ለዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ነገረቻቸው። እሳቸው ቢሮዋ ድረስ መጡ፤ ወንበር ሳቡ፤ ከጎኗ ተቀምጠው «እንዴት እንዳገኘሽው አሳይኝ» አሏት። ከገንዘቡ የተመለሰው ግማሹ ብቻ ነው። በሳምንቱ ስሕተቱን ያገኘችበትን መንገድ ለመላው ክፍል እንድታስተምር አደረጓት፤ በግምገማዋም ላይ አንዲት ነጥብ አልቀነሱም።

«እሳቸው ከሄዱ ቆዩ» አለች። «እዚህ ያሉት አብዛኞቹ አያውቋቸውም።»

ከአጠገቧ የተቀመጠ አንድ ወጣት ቀና አለ። «እኔ አውቃቸዋለሁ» አለ። «በገባሁ በሦስተኛው ቀን ወደ ጥግ ወስደሽ የነገርሽኝ እሳቸውን ነው።»